ጥቁር ልብስና የሐዘን ዜማ
(ስለ ድኅረ-ፓንክና ስለ ጎት ሙዚቃ፣ ከኾበር የባሕር ዳርቻ)

በማኅበራችን መጽሔት ላይ ስለ ፈረንጅ ዘፈን መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ የቅንጦት ሥራ መስሎ ሊታየው ይችላል። «የተማሪው የኑሮ ችግር፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ጣጣና የቤተሰቡ ናፍቆት ተቆጥሮ ሳያልቅ ይህ ልጅ ስለ ጊታር ያወራልን ጀመር» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔንም ብዕር ያስነሣኝ በሙዚቃው ሰበብ በተነሣ ክርክር ውስጥ ሳይታሰብ የተገለጠ አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ሕክምና ለሚማር ሰው ቅርብ ቢሆንም፣ በውጭ አገር ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን የሚኖረውን ማንኛውንም ወገናችንን ይመለከታል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ሙዚቃው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ወዳጆቹ ለምን እንደሚከራከሩበት በቅደም ተከተል ማስረዳት ይኖርብኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የምማረው ደማም ነው። ደማምና ኾበር በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍለ ሀገር፣ በባሕረ ሰላጤው ዳር፣ የግማሽ ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ተራርቀው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ1938 «ደማም ቁጥር 7» ከተባለው ጉድጓድ ነዳጅ ዘይት በብዛት መፍለቅ ከጀመረ ወዲህ ከአሜሪካ፣ ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስና ከሌላም አገር የመጣ ሠራተኛ ሰፍሮባቸዋል። እንግዳ ሰው ደግሞ የትም ሲሄድ ዘፈኑን ይዞ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሩ የአደባባይ የሙዚቃ ዝግጅት ስላልነበረ፣ የሙዚቃ ወዳጅ በቤቱና በግቢው ያዳምጥ ነበር፤ በ1986 ከኾበር ወደ ባሕሬን የሚያሻግረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መንገድ ከተከፈተ በኋላም ወደዚያ የሚሻገረው ቁጥሩ ብዙ ነበር። እንዲህም ሆኖ ከዚሁ ክፍለ ሀገር በ1996 ሳውንድ ኦፍ ሩቢ የተባለ የሮክ ቡድን፣ በ2002 ደግሞ ከጎረቤቷ ከቀጢፍ ክሪየቲቭ ዌስት የተባለ እጅግ ፈጣንና ጯሂ ሙዚቃ የሚጫወት ቡድን ተነሥተዋል። ከ2017 ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጦ የአደባባይ ዝግጅት የተለመደ ሆኗል።

እኛ አራት ነን። አንደኛው የቀጢፍ ተወላጅ የምሕንድስና ተማሪ ነው። ሁለተኛው በላቦራቶሪ የሚሠራ፣ ወጣትነቱን በ1980ዎቹ ማኒላ ያሳለፈ ፊሊፒናዊ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠን በቋንቋቸው «ኩያ» እንለዋለን፤ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ሦስተኛው እንደ እኔው በነጻ ትምህርት የመጣ ኢትዮጵያዊ ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ዓርብ ማታ፣ ወተት የገባበት ሻይ ይዘን ኾበር ባሕር ዳር እንቀመጣለን። አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ መካከላችን ትቀመጥና ክርክሩ ይጀመራል።

1. ፓንክ፣ ከፓንክ በኋላስ?

ፓንክ የተባለው ሙዚቃ በእንግሊዝ አገር ጎልቶ የወጣው በ1976 ነው። ዘፈኑ አጭር፣ ፈጣንና ጩኸታም ሲሆን፣ ዋና መልእክቱም «ጊታር ለመያዝ ፈቃድ የሚሰጥህ ሰው አያስፈልግህም» የሚል ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ 4 ቀን ሴክስ ፒስቶልስ የተባለው ቡድን ማንቸስተር ከተማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ሲጫወት የተገኘው ተመልካች በጣም ጥቂት ነበር። ነገር ግን ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ነበሩበት፤ እነርሱም ወዲያው የራሳቸውን ቡድን ለማቋቋም ተነሡ። ይህ ቡድን ኋላ ጆይ ዲቪዥን ተብሎ የታወቀው ነው።

ሴክስ ፒስቶልስ በ1978 ጥር ወር ፈረሰ። ዘፋኙ ጆን ላይደን ግን ያንኑ ዓይነት ጩኸት መድገም አልፈለገም። ፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ የተባለ አዲስ ቡድን አቋቁሞ በ1979 ሦስት ሸክላዎችን በአንድ ክብ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ አሽጎ አወጣ። በዚያ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የጃ ዎብል ቤዝ ጊታር ነው። ዎብል አጨዋወቱን የቀዳው የኢትዮጵያን ስም በየዘፈናቸው ከሚያነሡት ከጃማይካ ሙዚቀኞች ነበር።

እንግዲህ «ድኅረ-ፓንክ» የሚባለው ይህ ነው፤ የፓንክን ነጻነት ተቀብለው ጩኸቱ የሰለቻቸው ወጣቶች፣ ዝምታንና ባዶ ቦታን ጨምረው የሠሩት ሙዚቃ። ጊዜውም ይህንኑ የሚጠራ ነበር። የሰሜን እንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች ተዘግተው፣ ሕንፃዎቻቸው ባዷቸውን ቆመው ነበር፤ በ1982 መጀመሪያ ላይ በአገሪቱ የሥራ አጡ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን አልፏል። በእንዲህ ያለ ከተማ ያደገ ልጅ የሚሠራው ዘፈን እንደ ባዶ ፋብሪካ ቢያስተጋባ የሚያስደንቅ አይደለም።

2. ድምፁ እንዴት ይሠራል?

ይህን ሙዚቃ መጀመሪያ የሚሰማ ሰው «ዜማው የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ጠይቄአለሁ። መልሱ፣ ዜማውን ከተለመደው ቦታው መፈለግ የለብንም የሚል ነው። በሌላው የሮክ ሙዚቃ ቤዝ ጊታር ከሥር ሆኖ ቤቱን የሚሸከም ምሰሶ ሲሆን፣ ጊታሩ ከላይ ይዘፍናል። በጆይ ዲቪዥን ግን ይህ ተገልብጧል። ፒተር ሁክ የነበረው ድምፅ ማጉያ ደካማ ስለነበር፣ በወፍራሙ ድምፅ ሲጫወት ራሱን መስማት አቃተው። ስለዚህ ጣቶቹን ወደ ቀጭኑ ድምፅ አወጣና ዜማውን በቤዙ መጫወት ጀመረ። ድህነት ያመጣው ዘዴ የአንድ ሙዚቃ መታወቂያ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የገደል ማሚቶው ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1979 የቀረጸው ማርቲን ሃኔት ከበሮዎቹ ድምፃቸው እንዳይደባለቅ እያንዳንዱን ለየብቻ አስመታቸው። ከዚያም በዘመኑ አዲስ በነበረ መሣሪያ የድምፁን ተመላሽ በጥቂቱ እያዘገየ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ፈጠረ። በዚህም ምክንያት አድማጩ ሰው በሌለበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል።

ለእኔ ይህን ያቀለለልኝ በገና ነው። በገና ሲደረደር አውታሩ ብቻውን አይናገርም፤ ከሥሩ የምትገባው ቆዳ ድምፁን እያንዘረዘረች ታቆየዋለች፤ ድርዳሪውም በቀስታ እየተመላለሰ እዚያው ይመጣል። ሰው በገና የሚሰማው ሊጨፍርበት ብሎ አይደለም፤ ከራሱ ጋር ሊቀመጥበት ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም፤ አንዱ ጸሎት ነው፣ ሌላው አይደለም። ነገር ግን በገና የለመደ ጆሮ ድኅረ-ፓንክን ለመልመድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

3. ጎት የሚለው ስም

ጎት በመጀመሪያ የሮምን መንግሥት የወጉ የጀርመን ነገዶች ስም ነበር። ኋላ ለመካከለኛው ዘመን ረጃጅም ካቴድራሎች አሠራር መጠሪያ ሆነ። በ1764 ሆረስ ዎልፖል የተባለ እንግሊዛዊ ስለ አንድ የተረገመ ቤተ መንግሥት ልብ ወለድ ከጻፈ ወዲህ ደግሞ፣ ጨለማ፣ ፍርስራሽና ሙት መንፈስ ያለበት ድርሰት ሁሉ በዚህ ስም ተጠራ። በሙዚቃው ዓለም ብዙ ሰው እንደ መነሻ የሚቆጥረው ባውሃውስ የተባለው የኖርዝሃምፕተን ቡድን በ1979 ነሐሴ ያወጣውን ከ9 ደቂቃ የሚበልጥ ዘፈን ነው። ዘፈኑ በ1931 ድራኩላ ሆኖ በፊልም በተጫወተው በሃንጋሪ ተወላጁ በቤላ ሉጎሲ ስም የተሰየመ ነው። በ1982 ሐምሌ ለንደን ውስጥ ባትኬቭ የተባለ የምሽት ክበብ ተከፈተና፣ ጥቁር ለባሹ፣ ፊቱን ነጭ፣ ዓይኑን በኩል ያጠቆረው ወጣት መሰብሰቢያ አገኘ።

ክርክራችን የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው። የቀጢፉ ልጅ ጎት ማለት ሲስተርስ ኦፍ መርሲ ነው ባይ ነው። በ1980 ሊድስ ከተማ የተቋቋመው ይህ ቡድን ከበሮ መቺ ሰው አልነበረውም፤ «ዶክተር አቫላንሽ» የሚል ስም ያወጡለት ማሽን ነበር የሚመታላቸው። ኩያ ደግሞ ሱዚ ኤንድ ዘ ባንሺስ የሌሉበትን ጎት አልቀበልም ይላል፤ በ1981 ያወጡት ሸክላ የሁሉ እናት ነው ብሎ ይከራከራል። የእኛው ልጅ የሚያዳምጠው ዘ ኪዩርንና ጆይ ዲቪዥንን ብቻ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ የሲስተርስ ኦፍ መርሲው አንድሩ ኤልድሪች፣ ሱዚና የዘ ኪዩሩ ሮበርት ስሚዝ «እኛ ጎት አይደለንም» እያሉ ለዓመታት ስሙን ሲገፉት መኖራቸው ነው። ስሙን ባለቤቶቹ አይፈልጉትም፤ ወዳጆቹ ግን ይጣሉበታል።

የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ድኅረ-ፓንክ የአሠራር ስም ነው፤ ጎት የስሜትና የልብስ ስም ነው። ስለሆነም አንድ ቡድን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ዘ ኪዩር በ1982 ባወጣው እጅግ ጨለማ ሸክላው ሁለቱንም ነበር። በ2024 ኅዳር፣ ከ16 ዓመት ዝምታ በኋላ ባወጣው አዲስ ሥራም ስለ እርጅናና ስለ ሞት የሚያዜመው ያው ሰው ነው።

4. ሁለት የማይታለፉ ክርክሮች

(ሀ) ስለ አንድ ዘፈን። ዘ ኪዩር በ1978 መጨረሻ ያወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላ ርእሱ ሲተረጎም «ዐረብን መግደል» ማለት ነው። ዘፈኑ አልቤር ካሙ በ1942 ያሳተመውን ልብ ወለድ መሠረት ያደረገ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ አልጄሪያ ባሕር ዳር ላይ አንድ ዐረብ ተኩሶ ይገድላል። የገዳዩ ስም ከነሐሳቡ ተጽፏል፤ የሟቹ ስም ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ዘፈኑ የተጻፈው ግድያውን ለማወደስ አልነበረም። ሆኖም በ1986 ቡድኑ የነጠላ ዘፈኖቹን ስብስብ ሲያወጣ የአሜሪካ ዐረቦች ማኅበር ስለተቃወመ፣ ዘፈኑ በዐረቦች ላይ ጥላቻ እንዳያስፋፋ የሚያሳስብ ወረቀት በሽፋኑ ላይ ተለጠፈ። ስሚዝም ከዓመታት በኋላ በመድረክ ላይ ቃሉን ለውጦ ዘፍኖታል።

እኛም ይህን ዘፈን የምንሰማው ዐረብ አገር፣ ባሕር ዳር ተቀምጠን ነው። የቀጢፉን ልጅ «አያስቀይምህም?» ብዬ ጠየቅሁት። «መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፤ ዘፈኑን ያለ መጽሐፉ የሚያቀነቅነውን ሰው ነው የምፈራው» አለኝ። ከዚህ የምንረዳው፣ የአንድ ሥራ ትርጉም በሠሪው ሐሳብ ብቻ እንደማይወሰን ነው፤ የሚሰማው ሰው ማን እንደሆነና የት እንደቆመም ይወስነዋል።

(ለ) ስለ ጥቁር ልብስ። በለንደን ጥቁር መልበስ አመፅ ነበር። በደማም ገበያ ግን ከሴቶቹ አብዛኞቹ ጥቁር ዐባያ ለብሰው ስለሚሄዱ ማንም ዞሮ አያይም። በእኛ አገር ደግሞ ወጣት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሶ ቢታይ የሰፈሩ ሰው የሚጠይቀው «ማን ሞቶበት ነው?» ብሎ ነው። በቀጢፍም በሙሐረም ወር ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ፣ የኢማም ሑሴንን ሞት በዜማ እያነሣ፣ ደረቱን በአንድነት እየመታ እንደሚያለቅስ ጓደኛችን አጫውቶናል። «እኛ ዘንድ ይህ ፋሽን አይደለም፤ የአባቶቻችን ነው» ይላል።

5. እኛስ ከዚህ ሙዚቃ ጋር ምን አለን?

አንዳንድ ወገኖች ይህ ነገር ከኢትዮጵያ ጋር አንዳች ግንኙነት እንደሌለው ሊያስቡ ይችላሉ። እንዲያውም በቂ ግንኙነት አለው። በ1979 ሆላንድ ውስጥ ዘ ኤክስ የተባለ የፓንክ ቡድን ተቋቋመ፤ ዓመታት ሲያልፉ ሙዚቃው ወደ ድኅረ-ፓንክ ሰፋ። በ2002 ወደ አገራችን መጥቶ በተለያዩ ከተሞች ተጫወተ። በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ታላቁን የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ።

ጌታቸው በ1935 ይፋት የተወለዱ፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን ያስጠራው በአንደበት የሚወርደውን ሽለላና ቀረርቶ ወደ ሳክስፎን ማዛወራቸው ነው። ሽለላ ዜማው እንደ ልብ የሚወጣ የሚወርድ፣ የጀግናውን ደም የሚያሞቅ ነው። ዘ ኤክስን ከሰሙ በኋላ አብረው ሸክላ እንዲያወጡ የጠየቁት ጌታቸው ራሳቸው ነበሩ፤ «ሞዓ አንበሳ» የተባለው ሥራቸው በ2006፣ ሁለተኛው ደግሞ በ2012 ወጣ። ሰባ ዓመት የሆናቸው አዛውንት ከሆላንድ ፓንኮች ጋር በየአውሮፓው መድረክ ሲሸልሉ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የጊታሩን ሻካራ ድምፅ ሲሰሙ የጦር ሜዳ አወቁበት። ጌታቸው በ2016 ሚያዝያ አረፉ።

ሽለላ የጀግንነት ከሆነ፣ ለሐዘኑ ደግሞ ሙሾ አለን። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው ነገር አለ። ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደው አልቃሽ ብዙ ጊዜ ሟች የሞተባት እናት አይደለችም። የሟቹን ታሪክ ጠይቃና ሰምታ፣ ግጥሙን አበጅታ፣ የሌላውን ሰው ሐዘን በራሷ ድምፅ የምታወጣ ባለሙያ ናት። እናቲቱ በዚያ ዜማ ታግዛ ታለቅሳለች፤ ጎረቤት አብሮ ያለቅሳል፤ እርም ይወጣል። ለቅሶውም መጨረሻ አለው። በክርስቲያኑ ሰልስትና አርባ፣ በእስላሙም ሰደቃ ሐዘንተኛውን እያሻገሩ ወደ ኑሮው ይመልሱታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው ብቻውን እንዲያድር አይተዉትም። አልቃሽዋ ታማ እንድትሞት ግን የሚፈልግ የለም።

6. የኢያን ከርቲስ ነገር

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ። የጆይ ዲቪዥን ዘፋኝ ኢያን ከርቲስ የሚጥል በሽታ ነበረበት። በ1978 ታኅሣሥ መጨረሻ ከለንደን ሲመለሱ መኪና ውስጥ ጣለው፤ በቀጣዩ ወር ሐኪም በሽታውን አረጋገጠ። በመድረክ ላይ እጁንና ትከሻውን እያንዘፈዘፈ የሚወዛወዝ ሰው ስለነበር፣ በኋላ እዚያው መድረክ ላይ በእውነት ሲጥለው ተመልካቹ ጭፈራ መስሎት ያጨበጭብ ነበር። በ1980 ግንቦት 18 ቀን፣ ቡድኑ የመጀመሪያ የአሜሪካ ጉዞውን ሊጀምር ሲል፣ በ23 ዓመቱ የራሱን ሕይወት አጠፋ። ሁለተኛው ሸክላቸው የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ወዳጆቹ ይህን ታሪክ ከሙዚቃው ለይተው አያዩትም። ባለፈው ክረምት አንድ ዓርብ ማታ የቀጢፉ ልጅ እንዲህ አለ፦ «ከርቲስ መድኃኒቱ ሠርቶለት ቢድን ኖሮ እነዚህ ዘፈኖች አይኖሩም ነበር።» ኩያ ራሱን ነቀነቀ። እኔም የነርቭ ሕክምና እየተማርኩ ያለሁ ሰው ነገሩ ጥልቅ መስሎኝ ዝም አልኩ። የእኛው ልጅ ባሕሩን ያያል።

ወደ ደማም ስንመለስ በታክሲ ውስጥ በአማርኛ ጠየቀኝ። «ስማ፣ መድኃኒቱ እውነት ሰውን ያደነዝዛል?» አለ። «የቱ መድኃኒት?» አልኩት። ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ እዚህ ከመጣ ወዲህ ለማንም እንዳልነገረና አራት ወር ሙሉ መድኃኒቱን እንዳቆመ ያን ዕለት አወቅሁ። ያቆመበትን ምክንያት ሦስት አድርጎ ነገረኝ። ክፍል ውስጥ ያስተኛዋል፤ ቢታወቅበት ትምህርቱን የሚያጣ ይመስለዋል፤ ደግሞም፣ አለ እያፈረ፣ መድኃኒቱን ሲተው ሙዚቃው በደንብ የሚሰማው መሰለው። ስሙን ሳልጠቅስ ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

ያን ምሽት ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልመልስ ይገባኝ የነበረው መልስ ከሙዚቃው ታሪክ ውስጥ የሚገኝ ነበርና። ከርቲስ በማክልስፊልድ ከተማ አካለ ስንኩላን ሥራ እንዲያገኙ በሚረዳ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የሚጥል በሽታ ያለባት አንዲት ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ እሱ ትመላለስ ነበር፤ በኋላ መሞቷን ሰማ። በመጀመሪያው ሸክላ ላይ ካሉት ዘፈኖች ከታወቁት አንዱን የጻፈው ስለ እሷ ነው። ያን ሲጽፍ የራሱ በሽታ ገና አልታወቀም ነበር። እንግዲህ ያን ዘፈን የወለደው በሽታው አይደለም፤ የሌላ ሰው ሥቃይ አይቶ አለማለፉ ነው። የአልቃሽዋ ሙያ ማለት ይህ ነው። ድምፁንም የሠሩት የሁክ ጣቶች፣ የስቲቨን ሞሪስ ከበሮና የሃኔት ሌሊቶች ናቸው። በሕይወት የቀሩት ሦስቱ ኒው ኦርደር በሚል ስም ቀጥለው በ1983 ዓለም የጨፈረበትን ዘፈን አውጥተዋል። ከርቲስ ቢድን ኖሮ ያጣነው ዘፈን የለም፤ ስለ ሞተ ግን ያጣነውን ማንም አይቆጥረውም።

7. ሊታወቅ የሚገባው

የሚጥል በሽታ የአንጎል በሽታ ነው። የአንጎል ሕዋሳት በየተራ መልእክት መለዋወጣቸውን ትተው ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ሲተኩሱ ሰውየው ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ይቀራል። በዓለም 50 ሚሊዮን የሚያህል ሰው አለበት። በአገራችን ዶክተር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ እንዳለበት አሳይተዋል። አይተላለፍም፤ አረፋው ቢነካን አይዘንም። በትክክል ከታከሙት 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይጥላቸው ሊኖሩ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

መድኃኒቱ ያደነዝዛል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አንዳንዱ አዎን» ነው። ፌኖባርቢታል ከ1912 ጀምሮ የሚሠራበት፣ ርካሽና ጠቃሚ መድኃኒት ቢሆንም እንቅልፍና የመንፈስ ጭነት ሊያመጣ ይችላል። ዛሬ ግን ሌሎችም ብዙ አሉ። ስለዚህ የሚያስተኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መፍትሔው ለሐኪሙ ነግሮ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ማስለወጥ ነው። በድንገት ማቆም የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ አምጥቶ ሊገድል ይችላል። እንቅልፍ ማጣትም ይቀሰቅሰዋል፤ የፈተና ሰሞን ሌሊቱን የምናነጋ ሁሉ ይህን ማወቅ አለብን። ረመዳን የሚጾም ደግሞ የመድኃኒቱን ሰዓት ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ይማከርበት። ከሁሉ በላይ፣ ይህ በሽታ ያለበት ሰው ራሱን የማጥፋት አደጋው ከሌላው ሰው ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ይህ የዕጣ ፈንታ ጉዳይ አይደለም፤ የመንፈስ ጭነቱም እንደ በሽታው ሁሉ ሕክምና አለው።

ሰው ፊታችን ቢወድቅ ራሱን የሚጎዳበትን ነገር እናርቅ፣ ከራሱ ሥር ልብስ እናድርግ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ እናስተኛው፣ ሰዓት እንያዝ። ማንኪያ አፉ ውስጥ አንክተት፤ በአገራችን እንደተለመደው ክብሪት ጭረን አናሽትተው፤ አይጠቅመውም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው አምቡላንስ እንጥራ፤ በሳዑዲ ዐረቢያ ቁጥሩ 997 ነው።

ጓደኛችን በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ቀረበ፤ መድኃኒቱ ተለውጦለታል። የነጻ ትምህርቱን የነካበት የለም። አሁን ሦስታችንም ቢጥለው ምን እንደምናደርግ እናውቃለን፤ ኩያ የሰዓት ያዥነቱን ሥራ ወስዷል። ዓርብ ማታ ዛሬም ኾበር እንቀመጣለን፤ ጆይ ዲቪዥን ዛሬም ይከፈታል። ክርክሩም አላለቀም፤ የቀጢፉ ልጅ ዘ ኪዩርን ጎት ብሎ ለመጥራት እስከ አሁን እምቢ ብሏል።

የሐዘን ሙዚቃ መስማት ጥፋት የለበትም። እኛ ሙሾና ትዝታ ሰምተን ያደግን ሰዎች ይህን ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብንም። ነገር ግን ሙሾ ድንኳን አለው፣ ድንኳኑም ጎረቤት አለው። በባዕድ አገር ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን የሚያዳምጥ ወገን ብናውቅ፣ ሻይ ይዘን በሩን እናንኳኳ፤ የሚሰማውን ዘፈን እንጠይቀው፤ ካስፈለገም እንከራከረው። በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ፣ በተለይም ስለ ሲስተርስ ኦፍ መርሲ የተለየ አስተያየት ያለው አንባቢ ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዕትም እንመልስለታለን።